የአቦርጂናል ስዕል ልገዛ ብዬ ግራ ገባኝ፣ የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ

የአሊሷ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ከረማችሁ። እኔ ከሜልበርን ወደ አሊስ ስፕሪንግስ (መሀል አውስትራሊያ በረሃው ላይ ያለች ከተማ) ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው፣ ያው ለቪዛው ብዬ ነው እንጂ ይሄን ሙቀትና ዝንብ ፈልጌው አይደለም ሃሃ። የምሰራው ኤጅድ ኬር (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ነው፣ ከምንንከባከባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አቦርጂናል፣ ማለት የአገሩ ነባር ሰዎች ናቸው፣ በረሃው ውስጥ ካሉ ሩቅ መንደሮች የመጡ፣ እንግሊዝኛ ለአንዳንዶቹ አራተኛ አምስተኛ ቋንቋቸው ነው።

አንዲት እናት አሉ፣ ስማቸው ይቅር፣ ሁሉም አንቲ ነው የሚላቸው እኔ ግን በልቤ እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ቁርስ ካበላኋቸው በኋላ ጠረጴዛው ላይ ስኳር ተደፍቶ አየሁና በጨርቅ ልጠርግ ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ። ለካ ሆን ብለው ነው ያፈሰሱት። ስኳሩን በመዳፋቸው ዘረጉና በጣታቸው እንደ ፈረስ ኮቴ ያለ ምልክት አደረጉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጎን ለጎን፣ ፊት ለፊታቸው ክብ፣ ከክቡ ደግሞ ረጅም መስመር እስከ ሻይ ስኒው ድረስ። እያደረጉ በቋንቋቸው ቀስ ብለው ያወራሉ፣ ግማሹ ዜማ ነው ግማሹ ወሬ። ከዛ በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉትና እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔ ጨርቄን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፣ ሌላ ሦስት ሰው ቁርስ እየጠበቀኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ቀለምና ሸራ ይመጣላቸዋል። ሌላ ቀን ወገቤን ጉልበቴን የሚሉት ሴትዮ ማክሰኞ ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀና አይሉም፣ ማስታገሻም አይጠይቁ። አንዴ የተጠማዘዘ መስመር አይቼ እባብ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ የአባታቸው አገር እንደሆነ ነገሩኝና ዝም አሉ። ዝምታው ቁጣ ይሁን ሌላ አልገባኝም፣ እስካሁን ይከነክነኛል።

አሁን ጥያቄዬ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሊያገባ ነው፣ ከዚህ አገር የሆነ ነገር ልላክለት ብዬ ስዕል አሰብኩ። መሀል ከተማ ሳሩ ላይ ሴቶች ቁጭ ብለው በነጥብ በነጥብ የተሞላ ስዕል ይሸጣሉ፣ 60 ዶላር አሉኝ። እዛው አጠገብ ጋለሪ ገባሁ፣ ያንኑ የሚያክለው 850! ቱሪስት ሱቁ ውስጥ ደግሞ ያው ነጥብ ነጥብ ያለበት ቡመራንግ (የሚወረወር ቆልማማ እንጨት) 25 ዶላር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ነጥብ ማድረግ ምን ይከብዳል ሸራ ገዝተን እኛው እንሰራዋለን ትላለች። ልዩነቱ ምንድነው? ነጥቡ ትርጉም አለው ወይስ ለማሳመር ነው? ደግሞ ጋለሪው ውስጥ የግማሾቹ ሰዓሊዎች የቤተሰብ ስም አንድ ነው፣ ናፓልቻሪ ናፓልቻሪ ይላል፣ ሁሉም እህትማማች ናቸው እንዴ?

ፉትስክሬይ3011፦
የ60ውን ግዢና 790ውን ለኔ ላኪ። ቀልዴን ነው። ግን የምር ለሙሽራ ሰሃን ይሻላል፣ በስዕል አይበላበት።

ሰዓሊው_ከሲድኒ፦
እህቴ የላይኛውን አትስሚው። እኔ አዲስ አበባ ስዕል ተምሬ አሁን ሲድኒ ፍሬም ቤት ነው የምሰራው፣ የበረሃ ሸራ በየሳምንቱ በእጄ ያልፋል፣ መጀመሪያ እኔም እንደ ቤት ጓደኛሽ ነበር የማስበው ስለዚህ አልፈርድባትም።

ከስሙ ልጀምር ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ናፓልቻሪ እኛ እንደምናውቀው የቤተሰብ ስም አይደለም፣ ስኪን ኔም ይሉታል። በምዕራቡ በረሃ ሰው ሲወለድ በወላጆቹ ምድብ ተነስቶ ከስምንት ምድቦች ወደ አንዱ ይገባል፣ ከዛ በኋላ ማንን ማግባት እንደሚችል፣ ማንን እናቴ ማንን አክስቴ እንደሚል፣ ማን ፊት አንገቱን እንደሚደፋ ሁሉ በሱ ይታወቃል። በ"ና" የሚጀምረው የሴት ነው፣ በ"ቻ" የሚጀምረው የወንድ፣ እና የናፓልቻሪ ወንድም ቻፓልቻሪ ይባላል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር እንደ አባት ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በነሱ አቆጣጠር አዎ እህትማማች ናቸው፣ በኛ ግን ላይተዋወቁም ይችላሉ።

የፈረስ ኮቴ ያልሽው ሰው ነው። አሸዋ ላይ እግርሽን አጥፈሽ ቁጭ በዪና ተነሺ፣ የቀረውን አሻራ እዪው። አጠገቡ አጭር ሰረዝ ካለ ሴት ናት፣ መቆፈሪያ ዱላዋ ነው፣ ጦር ካለ ወንድ። ክቡ ውሃ ያለበት ቦታ ወይም ሰፈር ወይም እሳት፣ እንደ ታሪኩ ይለያያል። መስመሩ መንገድ ነው። ሁሉም ነገር ከላይ ነው የሚታየው፣ ልክ ጭልፊት እንደሚያየው። እማማሽ ስኳር ላይ ያደረጉት ነገር ከሸራው በፊት የነበረው ነው፣ አሸዋ ላይ ሴቶች ለልጆች ታሪክ ሲነግሩ እንደዛ ነው፣ አንዱ ምዕራፍ ሲያልቅ በመዳፍ ይጠረጋል። ኤጅድ ኬር ውስጥ አሸዋ ከየት ይምጣ፣ ስኳር ተገኘ።

ሸራው የመጣው ቅርብ ጊዜ ነው። ፓፑንያ የሚባል ቦታ አለ ካንቺ ወደ ሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎሜትር ገደማ። መንግስት ፒንቱፒውን፣ ሉሪቻውን፣ ዋርልፒሪውን፣ አረርንቴውን፣ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎችን ከየአገራቸው አምጥቶ እንደ ነጭ ኑሩ ብሎ አንድ ላይ ያሰፈረበት ነው (ሰፈራ ሲባል ለኛ አገር ሰው መቼም ማስረዳት አያስፈልግም)። በሽታው፣ ናፍቆቱ፣ መጠጡ፣ ሁሉም እዛ ነበር። በፈረንጆቹ 1971 ጄፍሪ ባርደን የሚባል ወጣት አስተማሪ መጣ፣ ልጆቹ ከክፍል ውጪ አሸዋ ላይ የሚያደርጉትን ምልክት አየ፣ ከዛ ሽማግሌዎቹ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የማር ጉንዳን ታሪክ ሳሉ። ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ያንን ያህል የተለያየ ህዝብ ሲያልፍ የሚያየው ግድግዳ ላይ የትኛው ታሪክ ይወጣል፣ ማን ይስለዋል፣ ምኑ ይታያል ምኑ አይታይም ብሎ መስማማት ነበረበት። የማር ጉንዳኑን መረጡ ምክንያቱም የፓፑንያ የራሱ የቦታው ታሪክ ነው። ግድግዳው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀለም ተቀብቶበት ጠፋ፣ ያናድዳል። ሰዎቹ ግን በ1972 ፓፑንያ ቱላ የሚባለውን ድርጅት አቋቁመው ነበር፣ እስከ ዛሬም ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፣ ጋለሪያቸው እዛው አንቺ ከተማ ነው።

ነጥቡ ጋ ስንመጣ፣ ነጥብ ራሱ ድሮም በሥርዓታቸው ላይ ሰውነት ላይና መሬት ላይ የሚደረግ ነው። ግን መጀመሪያ ሰሞን የተሳሉት አንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ሴትና ልጅ ማየት የሌለባቸውን የሥርዓት ነገር ገልጠው ስላሳዩ የሌሎች መንደሮች ሽማግሌዎች በጣም ተቆጡ። ከዛ በኋላ ነው ነጥቡ እየበዛ ሄዶ ሸራውን የሞላው፣ የሚሸፈነውን ለመሸፈን። በኛ እንደ መቅደስ መጋረጃ አስቢው፣ ከኋላው ነገር እንዳለ ታውቂያለሽ፣ አታይም፣ ባለማየትሽም አትቀየሚም። እና የእማማ ዝምታ ቁጣ አይመስለኝም፣ ላንቺ የሚነገረውን ነገሩሽ፣ አለቀ።

የአባቴ አገር ማለታቸው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ደስ ያለውን ታሪክ ብድግ ብሎ አይስልም። ዋርልፒሪዎች ጋ በአባት በኩል የታሪኩ ባለቤት ኪርዳ ይባላል፣ በእናቱ በኩል ታሪኩ የሚመለከተው ደግሞ ኩርዱንጉርሉ ነው፣ እሱ በትክክል መደረጉን የሚቆጣጠር ነው፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። ርስት ብለሽ አስቢው፣ ግን የማይሸጥ ርስት፣ ሸራው ይሸጣል መሬቱና ታሪኩ አይሸጥም። የቤት ጓደኛሽ ነጥብ ማድረግ ትችላለች፣ የማንን አገር እንደምትስል ግን ንገሪኝ በያት።

ነርስ_ዳርዊን፦
ሰዓሊው በደንብ ነግሮሻል፣ እኔ ማክሰኞ ማስታገሻ አይጠይቁም ያልሽው ነገር ላይ ነው የምጨምረው። የኩላሊት እጥበት ነርስ ነኝ፣ አሊስም ሰርቻለሁ፣ እና ይሄን ታሪክ እዛ ከተማ የሚኖር አበሻ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

በረሃው መሀል ኪንቶር የሚባል መንደር አለ፣ ከአሊስ ወደ ምዕራብ ከ500 ኪሎሜትር በላይ፣ አብዛኛው ኮረኮንች። ፒንቱፒዎች ከፓፑንያ ሰፈራ ሰልችቷቸው በ1981 ወደ አገራቸው ተመልሰው የቆረቆሩት ነው። ኪዊርኩራ ደግሞ ከሱም አልፎ ነው። አገራቸው በገቡ በጥቂት ዓመት ውስጥ ኩላሊት በሽታ መጣ፣ ስኳሩም ግፊቱም አለ። እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን ነው፣ እያንዳንዱ አራት አምስት ሰዓት፣ ማሽኑ ያኔ የነበረው አሊስ ብቻ። ስለዚህ ታመምክ ማለት አገርህን ለቀህ ወጣህ ማለት ነው፣ እስክትሞት። ሽማግሌዎቹ፣ ሥርዓቱን የሚያውቁት፣ ዘፈኑን የሚያውቁት፣ ልጅ የሚያስተምሩት፣ እነሱ ናቸው አንድ በአንድ ወደ ከተማ እየሄዱ የሚቀሩት። አንዳንዱ ለቅሶ ልድረስ ብሎ ማሽኑን ትቶ አገሩ ይገባል፣ ያው ታውቂዋለሽ ሁለት እጥበት ካለፈ ምን እንደሚሆን።

መንግስትን ማሽን ወደ መንደራችን አምጡልን ብለው ለመኑ፣ ውድ ነው ሩቅ ነው ተባሉ። እነሱ ምን አደረጉ መሰለሽ፣ ቁጭ ብለው ሳሉ። የኪንቶር ወንዶች አንድ ትልቅ ሸራ፣ ሴቶቹ አንድ፣ የኪዊርኩራ ወንዶች አንድ፣ ሴቶቹ አንድ፣ አራት ሸራ። አንድ ሰው ብቻውን የሳለው የለም፣ ሁሉም የየራሱን አገር እያመጣ ከጎረቤቱ አገር ጋር ያጋጥማል። በፈረንጆች ህዳር 11 ቀን 2000 ሲድኒ ትልቁ የስዕል ሙዚየም ውስጥ ከሌሎች ስራዎች ጋር ለጨረታ ቀረበ። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተሰበሰበው። በሱ ገንዘብ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፣ በ2004 ኪንቶር ውስጥ ማሽን ተተከለ። ስሙ ረጅም ነው፣ በቋንቋቸው ቤተሰባችንን ሁሉ ደህና ማድረግ እንደማለት ነው፣ ሰው ግን ፐርፕል ሀውስ ነው የሚለው አሊስ ያለው ቤታቸው ወይን ጠጅ ቀለም ስለተቀባ። አሁን ብዙ መንደር ውስጥ ማሽን አላቸው፣ በመኪና ላይ የሚዞርም አለ፣ ሰው አገሩ ለለቅሶና ለሥርዓት ሲሄድ ማሽኑ ይከተለዋል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር (የመንግስት የጤና መድን) ሩቅ መንደር ውስጥ ለሚደረግ እጥበት ይከፍላል፣ ድሮ ውድ ነው ያለው መንግስት።

እኔ ይሄን ስሰማ እድር ነው ትዝ ያለኝ። ድንኳንና ድስት እንደሚገዛው፣ እነሱ ማሽን ገዙ። መዋጮው ስዕል ሆነ እንጂ።

እና እጥበት ላይ ሆነው ሲስሉ አይቻቸዋለሁ። መርፌው ያለበት ክንድ አይንቀሳቀስም፣ ትራስ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ በሌላው እጅ ጭናቸው ላይ ባለች ትንሽ ሸራ ጠብ ጠብ ጠብ፣ አራት ሰዓት። ስዕል የማይስሉት ሰዓት ይቆጥራሉ፣ የሚስሉት ማሽኑ ሲያልቅ ጮሆ ነው የሚነግራቸው። ከዚህ በላይ እንደ ነርስ የምለው የለኝም፣ ግፊት ቀነሰ ምናምን ብዬ አልፎክርም።

አንድ ሌላ ቦታ ስሰራ ደግሞ (የቱ እንደሆነ ይቅር) አለቆቻችን ክፍሉን ለታካሚዎቹ እናስውብ ብለው ግድግዳውን በሙሉ ነጥብ ነጥብ ያለበት የታተመ ወረቀት አለበሱት። አንዲት ታካሚ ገብተው አዩና የማን ነው ብለው ጠየቁ። ማንም አያውቅም። የየት አገር ነው? ማንም አያውቅም። ከዛ ቀን ጀምሮ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ ይሉ ነበር። እኛ ፀሐይ ፈልገው ነው ብለን ነበር፣ ወራት ቆይቶ ነው የገባን።

ጋሼ_ታክሲው፦
ልጆቼ ጥሩ ትጽፋላችሁ ግን ከበሮውን ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። እኔ አሊስ ውስጥ 19 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ሰዓሊ ከእነ ቀለሙ ጭኜ አንድ ግቢ ውስጥ አውርጄ፣ በሦስተኛው ቀን እዛው ደጃፍ ላይ ባዶ እጁን ቁጭ ብሎ አግኝቼዋለሁ። ሞቴል ወይ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ምሳ ይሰጡታል፣ አሮጌ መኪና እንሰጥሃለን ይሉታል፣ ሸራውን ይዘው ሲድኒ ይሄዳሉ። ስለዚህ ስዕል ጤና ነው አንድነት ነው ስትሉ ይሄኛውንም አብራችሁ አስቡ።

አልበርት ናማቺራን ታውቃላችሁ? ከሁሉም በፊት ስሙ የተጠራው እሱ ነው፣ የአረርንቴ ሰው፣ ነጥብ አይደለም፣ በውሃ ቀለም ተራራውንና ነጩን የባህር ዛፍ የሚስል። ንግስት ኤልሳቤጥ ሳትቀር ተቀብላዋለች። በ1957 ለሱና ለሚስቱ ዜግነት ተሰጣቸው፣ ልብ በሉ፣ በገዛ አገሩ "ተሰጠው"። ዜጋ ስለሆነ መጠጥ መግዛት ይችላል፣ ዘመዶቹ ግን አይችሉም፣ እሱ ደግሞ በዘመዶቹ ባህል ያለውን ማካፈል ግዴታው ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጠጥ ሰጠህ ብለው ከሰሱት፣ ተፈረደበት፣ በ1959 ሞተ። የስዕሎቹን ኮፒራይት የመንግስት ባለአደራ በ1983 በ8,500 ዶላር ሸጠው፣ ቤተሰቡ እጅ የተመለሰው በ2017 ነው። እናንተ አስሉት።

ክሊፎርድ ፖሰምስ? የፓፑንያው። በ1977 የሳለውን ትልቅ ሸራ አንድ ባንክ በ1,200 ዶላር ገዝቶ የሰራተኛ ካፌ ውስጥ ሰቀለው። በ2007 ያው ሸራ 2.4 ሚሊዮን ተሸጠ፣ የካንቤራው ብሔራዊ ጋለሪ ነው የገዛው። ሰውየው ከሞተ አምስት ዓመቱ ነበር፣ ለቤተሰቡ ከዛ ሽያጭ በሕግ የሚደርሰው ነገር አልነበረም። ከ2010 ወዲህ ነው ስዕል እንደገና ሲሸጥ ሰዓሊው ወይ ወራሹ አምስት ከመቶ የሚያገኝበት ሕግ የሰራው።

ያ 25 ዶላር ቡመራንግ ደግሞ፣ ልጄ አደራ። አንድ ጅምላ ሻጭ ኢንዶኔዥያ የተሰራ ቡመራንግና ዲጂሪዱ (የሚነፋ ረጅም እንጨት) በአቦርጂናል እጅ የተሰራ እያስመሰለ ከ18 ሺህ በላይ ሸጦ በ2019 ፍርድ ቤት 2.3 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ከርካሹ ቅርሳቅርስ አብዛኛው እንደዛው ነው።

ሳሩ ላይ ካሉት ሴቶች መግዛት ነውር አይደለም። ገንዘቡ እጃቸው ላይ ነው የሚገባው፣ ማንም አይቆርጥበትም። ስማቸውንና ምን እንደሳሉ ጠይቂ፣ አትከራከሪ። 850ው ከአርት ሴንተር (ሰዓሊዎቹ የሚስሉበትና ስራቸውን የሚሸጥላቸው የራሳቸው ማዕከል) የመጣ ከሆነ ደግሞ የሰዓሊው ስም፣ ቁጥርና ታሪኩ ያለበት ወረቀት ይሰጡሻል፣ ከዋጋው ሰዓሊው ድርሻ አለው፣ የቀረው ለቀለሙ ለሸራው ለመኪናው ነው። ወረቀት የሌለው 850 ከሆነ ግን ጥለሽው ውጪ።

አንድ ነገር፣ እዚህ ቤት "አቦርጂኒ" የሚል ቃል አንዳንድ ጊዜ አያለሁ። እንግሊዝኛ ስትናገሩ እንዳትሉት፣ እነሱ ጋ ስድብ ነው።

ትግስት_ፐርዝ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ያ የናማቺራ ታሪክ ሁሌ ያስለቅሰኛል።

እኔ ቻይልድኬር ነው የምሰራው፣ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የሆነ ጊዜ ለፕሮግራም ብዬ ሃያ ልጅ በጆሮ ኩክ መጥረጊያ ነጥብ ነጥብ አስደርጌ፣ ኤሊ በሉት እንሽላሊት፣ የአቦርጂናል አርት ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ከልጆቹ የአንዱ አያት ኑንጋር ናቸው (ፐርዝና አካባቢው የኑንጋር አገር ነው)፣ መጥተው አዩና አልተቆጡም፣ ቁጭ ብለው ነጥቡ የመሀል በረሃ ሰዎች እንደሆነ፣ የነሱ እንዳልሆነ ነገሩኝ። እኔ እኮ አንድ ህዝብ ይመስለኝ ነበር! ከ250 በላይ ቋንቋ የነበረው አገር ነው። አርነም ላንድ ያሉት የዛፍ ቅርፊት ላይ በቀጭን በቀጭን መስመር ነው የሚሞሉት፣ ኪምበርሊ ዋንጂና የሚባለው አፍ የሌለው ፊት አለ እሱን ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ መሳል ትልቅ ጥፋት ነው። እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው የሚያውቁት የኑንጋር ስዕል የመሬት ገጽታ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጥቁር ዛፍ፣ ካንጋሩ።

የዛን መነሻ ኋላ ላይ አወቅኩት። ካሮላፕ የሚባል ሰፈር ከቤተሰብ የተነጠቁ ልጆች የሚታጎሩበት ነበር፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ አንድ አስተማሪ ቀለም ሰጣቸው፣ ከወላጅ የተለዩ ልጆች የሳሉት ያንን የአገራቸውን ጫካ ነው። ስዕሎቹ አውሮፓ ድረስ ታይተው፣ ከዛ አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው በ2013 ፐርዝ ተመለሱ። ሄጄ አየኋቸው፣ የትኛውም ላይ ሰው የሚያለቅስ የለም፣ ዛፍ ነው ያለው። ዛፍ አይቼ እንደዛ ሆኜ አላውቅም።

ደግሞ ሰዓሊው ርስት ያልከው ልክ ነህ፣ እኛ ስቴት ውስጥ ስዕል ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። ንጉራራ የሚባሉት ሰዎች መሬታቸው የነሱ መሆኑን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሲያቅታቸው በ1997 ስምንት ሜትር በአስር ሜትር የሆነ ሸራ ሳሉ፣ ከአርባ በላይ ሰው። ጉዳዩን የሚሰማው አካል በረሃው ድረስ ሲመጣላቸው ሸራውን መሬት ላይ ዘረጉት፣ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ረግጦ ቆሞ በራሱ ቋንቋ ተናገረ። በ2007 መሬቱ የነሱ መሆኑ ታወቀላቸው።

ዝምተኛ_አንባቢ፦
ሳነበው ጠልሰም ትዝ አለኝ። የኛም ሰው ለፈውስ ይሳል የለ፣ አይን አይን ያለበት፣ በብራና። አንድ ነገር አይደል?

ሰዓሊው_ከሲድኒ፦
ዝምተኛው እኔም አስቤው ነበር ግን አይገጥምም። ጠልሰም ደብተራው ነው ለበሽተኛው የሚያዘጋጅለት፣ ብራናው በቁመቱ ልክ ተለክቶ፣ በሽተኛው ተቀብሎ አንገቱ ላይ ወይ ራስጌው ያደርገዋል። እዚህ ግን ነርሷ እንዳለችው በሽተኛው ራሱ ነው የሚስለው። ደግሞ እየሳለ ይዘፍናል፣ ያንን አትርሳ፣ የአሊሷ "ግማሹ ዜማ" ያለችው። በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ኩሬና ድንጋይ ዘፈን አለው፣ ሸራው ላይ ሲደርስበት ያንን ይለዋል። ከተማ ኤጅድ ኬር ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገሩ እየተመላለሰ ነው ማለት እችላለሁ። ኤሚሊ ካሜ ክንግዋሬይ የምትባለዋን እዩ፣ ዩቶፒያ ከምትባል ቦታ፣ ሸራ ላይ መሳል የጀመረችው ሰማንያ ሊሞላት ስትል ነው፣ በ1996 እስክትሞት ስምንት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ ሦስት ሺህ ስራ ትታ ሄደች። ሁሉም ስለዛችው አንድ አገሯ ነው።

ፉትስክሬይ3011፦
እሺ ሰሃኑን ትቼዋለሁ። አፍሬያለሁ ባይባልም ዝም ብያለሁ።

የአሊሷ፦
ሁላችሁንም ተባረኩ፣ እኔ ሦስት መስመር መልስ ነበር የጠበቅኩት። ጋሼ እንዳሉት ወረቀቱን ጠየቅኩ፣ ያ 850ው ወረቀት አለው ግን አቅሜ አይደለም፣ እዛው ጋለሪ ትንሽ አገኘሁ በ290፣ የኪንቶር ሴት የሳለችው። ከሳሩም አንድ ገዛሁ በ60ው ለራሴ፣ ሳልከራከር፣ ሴትየዋ ስሟንና ቦታውን ነገረችኝ፣ ኋላ ላይ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፍኩት።

የኪንቶሩን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ትናንት ለእማማ አሳየኋቸው። ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ገለበጡት፣ እንደገና ወደ ጎን አዞሩት፣ እያዞሩ አንዱን ክብ በጣታቸው ነክተው የቦታውን ስም ጠሩ፣ እኔ ወረቀቱ ላይ አይቼው ነበር ልክ እሱ ነው! ከዛ የሰዓሊዋን ስም ስነግራቸው በነሱ አቆጣጠር የልጅ ልጃቸው እንደምትሆን አሉኝ፣ ሳቁም። ከዛ ስልኬን አልመልስም ብለው ምሳ ሰዓት ሆነ ሃሃ። ስኳር ግን አሁን እኔው ነኝ የማመጣላቸው፣ ትሪ ላይ፣ ማናጀሯ ስለ ጉንዳን ተናግራኛለች።

ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። እማማ ሲያገላብጡት ሳይ ግራ ገባኝ፣ ወንድሜ የቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚሰቅለው? ደግሞ በፖስታ ነው ወይስ ሰው ሲሄድ ላስይዘው፣ ከነፍሬሙ ነው ወይስ ጠቅልዬ?

ሰዓሊው_ከሲድኒ፦
ላይም ታችም የለውም። መሬት ላይ አንጥፈው በአራቱም በኩል እየዞሩ ነው የሚስሉት፣ እንደፈለገ ይስቀለው፣ በየዓመቱ ቢያዞረውም ይሆናል። ፍሬም አታስገቢ አዲስ አበባ ያሰራዋል። ሰው ሲሄድ ይሻላል። ወፍራም የካርቶን ቱቦ ፈልጊ፣ ሰፋ ያለውን፣ ሸራውን ቀለሙ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገሽ ጠቅልዪው፣ ብዙ ሰው ወደ ውስጥ ያደርገውና ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ላስቲክ ሳይሆን ለስላሳ ወረቀት። ያንን ሰርተፍኬት ደግሞ ቱቦው ውስጥ አትክተቺው፣ ለብቻው በፖስታ አድርገሽ ለሰውየው በእጁ ስጪው።